ስለ ወንዛችንና ስለ ፊርማህ

ፉም ሰምራ፣ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2025

ለልጄ አባት ለቡሰልሃም፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ዊዳድ ከካዛብላንካ ስትደውል «አባቴ ቲማቲም ሲለቅም እየዋለ ወገቡን ያመዋል» አለችኝ። እዚያ ስፔን፣ አልሜሪያ የላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ሰው ይጥላል ይላሉ፤ ውሃ ጠጣ፣ ራስህን ጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ይጮኻል፣ ረፋድ ላይ ዝም ይላል።

ይህን ማን ጻፈላት ብለህ እንዳትጨነቅ፤ እኔው ነኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከመስጊዱ የሴቶች ትምህርት አልቀረሁም። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም ይነበባል። ጓደኛዬ ፋትና አጠገቤ ተቀምጣ «ያን ሰነፍ ‹ፋትና ሰላም ብላሃለች› በይው» እያለች ታውከኛለች። ሰነፍ የሚለውን አልጽፍም ብያታለሁ።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ወሬው ወደ ወንዙ ባዘነበለ ቁጥር «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ትለኛለህ። ደብዳቤ አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ያለውን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። የሀጅ ጥሃሚ ዘይት ፋብሪካ ከተከፈተ ጀምሮ በየወይራው ወቅት ውሃው እንደሚጠቁር አንተም አይተሃል። መጀመሪያ ሻቤሉ ቀረ። ከባሕር ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ያ የብር ዓሣ አሁን ለወሬ እንኳ የለም። እኛ ሴቶቹ ግን «ዓሣው ቢሄድም ዛጎሉ አለ» እያልን አሸዋውን መጫር አልተውንም። ባለፈው ኖቬምበር ባሕሩ ሲሸሽ ባልዲያችንን ይዘን ወረድን። ገና ሳንደርስ ሸተተን። ዛጎሉ ሁሉ አፉን ከፍቶ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፣ ከዚህ እስከ ሸምበቆው ድረስ። አንዱን አንስቼ ጣቴን ሳስገባበት የሞተር ዘይት የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እዚያ አሸዋ ላይ ለቅሜያለሁ፤ እናቴም እዚያው ጎንበስ እንዳለች ነው ያረጀችው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፣ ተናደድኩ እንጂ።

«ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አልኩ።

«በምን? በእግርሽ?» አለች ፋትና። «በዚያ ጉልበትሽ?»

«በዚህ ጉልበቴ።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። መንገድ ላይ ስትወድቂ የሚስቅብሽ ሰው ያስፈልግሻል።»

አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። የትምህርት ቤቷ የሳይንስ መምህርት ጊዝላን አንድ ካርቶን የታጠበ ጠርሙስ ሰጠችን። «በየደረሳችሁበት ውሃ ቅዱ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ማንም አያምናችሁም» አለችን። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ከሴቶቹ መሀል ፊደል የምቆጥር እኔ ብቻ ነበርኩ። «ጀልባ ማሰሪያው፣ ረቡዕ፣ ጠዋት።» «የሸምበቆው መታጠፊያ፣ ረቡዕ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ።» እንዲህ እያልኩ ወንዙን ተከትለን ሁለት ቀን ወደ ላይ ተጓዝን። በየጠርሙሱ ውሃው እየጠቆረ ሄደ። አየህ፣ ወንዙ ራሱ መንገዱን ያሳየን ነበር።

በሁለተኛው ቀን አይት ዋሁ ከተባለው መንደር አጠገብ ካለው ድልድይ ደረስን። ከድልድዩ ሥር አንድ ቦቴ መኪና ኋላውን ወደ ውሃው ሰጥቶ ቆሟል፤ ወፍራም የጎማ ቱቦ ዘርግቷል። ሾፌሩ ማን ይመስልሃል? ማዕጢ! የናናዋ ነጋዴ የዞህራ ልጅ።

«ማዕጢ!» አልኩት።

ዘለለ። «ኧረ እሜቴ፣ ላላ ማህጁባ! እዚህ ድረስ ምን ይሠራሉ?»

«እኔ ነኝ ጠያቂዋ። ምን እየቀዳህ ነው?»

«አልቀዳሁም፣ እየደፋሁ ነው» አለና ከአፉ ያመለጠውን ሲያውቅ ዓይኑን ጨፈነ።

ፋትና ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። «እውነቱን ለመናገር የሚቸኩል ልጅ ነው ያሳደገችው ዞህራ» አለች።

«ታዝዤ ነው ላላ» አለኝ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይነዳዋል። በቀን አሥራ ሁለት ቦቴ ነው የሚደፋው።»

«የአንተ ልጆች ከእናትህ ቤት ዛጎል ሲበሉ አይቻለሁ» አልኩት። «አሁን ምን ይብሉ?»

ማዕጢ ቱቦውን ከወንዙ አንስቶ ጠርሙሴን ራሱ ሞላልኝ። እኔም ጻፍኩበት። «ድልድዩ፣ ሐሙስ፣ ከዙህር በኋላ፣ ከቦቴው።»

በዚያ ቀን ያረፍነው አይት ዋሁ፣ ላላ ይጦ የምትባል የወይራ ለቃሚዎች አለቃ ቤት ነው። ዳቦና ዘይት አቀረበችልን፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። «እናንተ በዛጎል ትኖራላችሁ፣ እኛ በወይራ እንኖራለን» አለችኝ። «ፋብሪካውን ልታዘጉብን ከመጣችሁ ዳቦዬን ብሉና በመጣችሁበት ተመለሱ።»

«ይዘጋ ያለ የለም» አልኩ። «ዘይቱን ወስዶ ቆሻሻውን ለእኛ ከሚልክ፣ ቆሻሻውንም ራሱ ይያዝ ነው ያልነው።»

ተነሥታ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከጉድጓዷ አንድ ኩባያ ቀድታ ሰጠችኝ። መራራ ነው። «ፍየሎቼ ከዘንድሮ ጀምሮ እምቢ ብለዋል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለወንዶቹ አልነገርኩም። ብነግራቸው ‹ውሃ ከሌላ ቦታ ቅጂ› ነው የሚሉኝ።» በዚያች ኩባያ ውሃ ነው ወዳጆች የሆንነው። የይጦ መንደር የራሱ ትንሽ መጭመቂያ አለው። ሴቶቹ ባሎቻቸውን ጨቅጭቀው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰፊ ገንዳ አስቆፈሩ፤ ላስቲክ አነጠፉበት። አሁን የነሱ ጥቁር ውሃ እዚያ ገብቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ አንዲት ጠብታ ወንዙ አትደርስም። የመንደር ሰው በአካፋ የሠራውን ሀጅ ጥሃሚ በዚያ ሁሉ ማሽኑ አቃተኝ ይላል!

በዲሴምበር ቦቴዎቹን ለማገድ ድልድዩ ላይ ተቀመጥን። እኛ ከታችኛው መንደር፣ የይጦ ሴቶች ከላይኛው፤ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ባልዲያችንን ገልብጠን ወንበር አድርገን። ቦቴዎቹ መጡ፣ ጥሩምባ ነፉ፣ ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ሀጅ ጥሃሚ ራሱ መጣ፣ ነጭ ጀላባውን ለብሶ።

«እህቶቼ» አለን፣ «ይህ እኮ ከወይራ የወጣ ውሃ ነው። ወይራ የተባረከ ዛፍ ነው። ምን አስቆጣችሁ? ሥራ ከሆነ የምትፈልጉት ለሁላችሁም ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እሰጣለሁ።»

ያን ጊዜ ይጦ ብድግ አለች። «ሀጅ፣ ፋብሪካውን ሳይከፍቱ፣ ገና ወይራ ነጋዴ እያሉ ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ለቅሜልዎታለሁ። በየዓመቱ ፊትዎ ቆሜ ጆንያ አስመዝኛለሁ። ስሜ ማን ነው?»

ሀጅ አያት፤ ቀጥሎ መኪናውን አየ፤ ቀጥሎ ሾፌሩን አየ። ማንም አልነገረውም። ድልድዩ ሙሉ ሴት ጠበቀው። ዞሮ መኪናው ውስጥ ገባ። ቡሰልሃም፣ በዕድሜዬ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ነው የወረዳው አስተዳዳሪ ቃኢዱ ሁለታችንንም ወገን ወደ ቢሮው የጠራን። እዚህ ጋ ስደርስ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ።

እኔ፣ ፋትና፣ ይጦና ጊዝላን ገባን። በነሱ በኩል ሀጅና አንድ ጠበቃ። ጊዝላን ጠርሙሶቹን በተራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ከጠራው እስከ ጥቁሩ። ቃኢዱ እያነሣ በመስኮቱ ብርሃን አያቸው። ነገሩ ወደኛ ያጋደለ መሰለኝ። ያን ጊዜ ጠበቃው ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ፋብሪካው ከመከፈቱ በፊት የፉም ሰምራ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር የፈረሙት ነው» አለ።

«አሳየኝ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ላነብልዎት፣ ላላ?»

«ዓይን አለኝ» አልኩትና ተቀበልኩት።

ጣቴን ከየመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ተደናቀፍኩና ጠበቃው ሊያግዘኝ አፉን ሲከፍት ፋትና በዓይኗ ዘጋችው። «እኛ ዓሣ አጥማጆች፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ወንዙንም፣ ዓሣውንም፣ ኑሯችንንም የማይጎዳ መሆኑን ተረድተን ተስማምተናል» ይላል። ከታች ስምህ አለ። ጅራቷ ረዘም የምትለው ፊርማህ።

የዚያን ቀን ቤት ስትመጣ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ለዓሣ ማስቀመጫ የበረዶ ቤት ሊሠሩልን ነው፣ ለሱ ፈርሜ መጣሁ» ነው ያልከኝ። ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት፣ በዝምታ። በረዶ የሚል ቃል ፈለግሁ። የለም።

ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያየኛል። ቃኢዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላላ፣ ይህ የባለቤትዎ ፊርማ ነው?» አለኝ።

«ነው» አልኩ።

«ሳያነቡት ነው የፈረሙት?»

አፌ ከልቤ ቀደመ። «ያን ሰሞን መነጽሩ ተሰብሮ ነበር» አልኩ። «ያነበቡለትን አምኖ ነው የፈረመው።»

ቃኢዱ ጻፈው። ፋትና ቀና ብላ አየችኝና ወለሉን ማየት ጀመረች። ያን ሳምንት ጀልባ ማሰሪያው ላይ ተቀምጠህ ለዓሣ አጥማጆቹ የኳስ ጋዜጣ ስታነብላቸው እሷም መረብ ስትጠግን ሰምታሃለች። መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ነበር።

መነጽርህ አልተሰበረም ነበር ቡሰልሃም። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ፋትናም ታውቃለች፣ ከሁሉ በላይ ያለውም ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሮች አንድ በአንድ ትዝ እያሉኝ ነው። በመጀመሪያው ጥቁር ክረምት ጀልባህን አስረህ ሦስት ቀን ወደ ባሕር አለመውጣትህ። ያቀረብኩልህን ዓሣ ለጎረቤት ስጪው ማለትህ። ዓሣ አጥማጆቹ በራችን ላይ መጥተው ሲጠሩህ «ተኝቷል በያቸው» ማለትህ። ከዚያ «ስፔን ሥራ አለ» ብለህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄድክ። እኔ ዓሣው ስላለቀ የሄድክ መስሎኝ ሦስት ዓመት ወንዙን ስረግም ኖርኩ። ወንዙ ምን አደረገኝ?

አሁን ያለንበትን ልንገርህ። ጉዳዩ እስኪታይ ቦቴዎቹ እንዲቆሙ ቃኢዱ አዟል፤ ቆመዋልም። እኛ ሴቶቹም ሥራ አልፈታንም። አሸዋው ላይ ተሰብስበን እጅ አውጥተን እስከሚመጣው መኸር ድረስ ዛጎል ላለመልቀም ወሰንን። ለአንዳንዶቻችን ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ወደብ ወርጄ ሰርዲን አጥባለሁ፤ ፋትና የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ባለቤቶቹንም እግረ መንገዷን ታማለች። ከሸምበቆው በስተኋላ ባለችው ጠባብ ቦይ የተኛውን ጥቁር ደለል በቅርጫት እየተቀባበልን አውጥተናል። ይጦ ሴቶቿን ይዛ መጥታ ዳርና ዳሩን የሸምበቆና የዛፍ ችግኝ ተክለዋል፤ ውሃው አፈሩን እንዳያጥበው። ባለፈው ሳምንት ጊዝላን ተንበርክካ አሸዋውን በወንፊት ስታጣራ «ላላ ማህጁባ! ላላ ማህጁባ!» ብላ ጮኸች። እባብ ነከሳት ብዬ ሮጥኩ። መዳፏ ላይ ምስር የሚያካክሉ ሰባት ዛጎሎች አሉ። ሕያው ናቸው። አፋቸውን ገጥመው ውሃ ይዘዋል። መልሰን ቀበርናቸው።

ሀጅ ጥሃሚ ግን አልተኛም። «የራሳቸው ሊቀመንበር ፈርሟል» እያለ በየሻይ ቤቱ ያስወራል። ችሎቱ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 26፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ጠበቃቸው የሚደገፈው በዚያችው ወረቀት ነው። ማዕጢ ሊመሰክር ቆርጧል። ሥራውን ወስደውበታል፤ ያ «ሦስት ልጆች አሉኝ» ያለኝ ማዕጢ ማለቴ ነው። እኔም ምስክር ሆኜ ተጠርቻለሁ። መሐላ አለ።

እንግዲህ ስማኝ። ቃኢዱ ቢሮ ውስጥ ዋሽቼልሃለሁ። ያን ያደረግሁት ስለ ሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ብዬ ነው፤ ውሸቱም እዚያው አብቅቷል። በመሐላ አልዋሽም። ዳኛው ሲጠይቀኝ መነጽሩ ደህና ነበር እላለሁ። ባሌ ማንበብ ይችላል እላለሁ። ዓይኔን አልሰብርም፣ ድምፄም አይንቀጠቀጥም። ማኅበሩ ይስማ፣ ፉም ሰምራ በሙሉ ይስማ፣ ጣታቸውን ይቀስሩብኝ፤ ግድ የለኝም። ከዚያ አሸዋ ላይ የሞተውን ዛጎል ካየሁ በኋላ ሰው የሚለው አያስፈራኝም።

ግን ከእኔ አፍ ከሚወጣ ካንተ አፍ ቢወጣ እመርጣለሁ። ማን ነበር ክፍሉ ውስጥ? ምን አሉህ? የበረዶ ቤቱን እውነት ቃል ገብተውልህ ነው ወይስ ለኔ የፈጠርከው ነው? አስፈራርተውህ ከሆነ ፈራሁ በል፤ እኛም ድልድዩ ላይ ስንቀመጥ ፈርተን ነበር። ሸጠኸን ከሆነም ሸጥኳችሁ በል። የፈረመው ሰው ራሱ ቆሞ «ይህ ወረቀት ሐሰት ነው» ካለ ጠበቃው ምን ይዞ ይቆማል? አንተ በአንዲት ቃል የምታፈርሰውን እኛ በሺህ ጠርሙስ ላናፈርሰው እንችላለን። ያኮረፉህ ዓሣ አጥማጆች ይቅር ይሉህ እንደሆነ አላውቅም። እነሱ ያውቃሉ። ስለ እኔ አትጠይቀኝ፤ አሁን ስለ እኔ አይደለም የምጽፍልህ።

እየለመንኩህ እንዳይመስልህ። ብትመጣም ባትመጣም ረቡዕ ጠዋት ችሎቱ ፊት እቆማለሁ፤ ብትቀርም ወንዙን ለሀጅ ጥሃሚ ለቅቀን አንሄድም። ፋትና «ይመጣል ብለሽ ነው?» አለችኝ አሁን። «ደብዳቤውን ልጨርስበት» ብያታለሁ።

ከታንጀር የሚመጣው አውቶቡስ በችሎቱ ዋዜማ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። እኔ በዚያን ሰዓት አውቶቡስ ተራው አካባቢ ጉዳይ አለኝ። ክር መግዛት አለብኝ። ለአንተ ብዬ አይደለም።

አላህ ከወገብህ ሕመሙን ያንሣልህ፤ ከአንገትህም የከበደህን ያውርድልህ። መንገድህንም ያቅናልህ፣ መንገድህ ወደዚህ ከሆነ።

ማህጁባ